ፒኤስኤ ከ5.1 ወደ 9.4 ወጣብኝ፤ ፕሮስቴቴ ማደጉን አውቃለሁ፤ አሁን ግን ሌላ ነገር ይሆን?

ጡረተኛው መምህር (ኮምቦልቻ)፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣

ዕድሜዬ 67 ነው። የፕሮስቴት ዕጢዬ ማደጉ የታወቀው በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ሌሊት ሦስትና አራት ጊዜ ለሽንት እነሣ ነበር፤ ሽንቱም ቶሎ አይጀምርልኝም፣ ከጨረስሁም በኋላ ይንጠባጠባል። ይህ የመጨረሻው ነገር ለሌላ ሰው ትንሽ ሊመስል ይችላል። እኔን ግን ከሌሊቱ መነሣት ይልቅ ያሳዘነኝ እርሱ ነው፤ ውዱእ አድርጌ ወደ መስጊድ ስሄድ መንገድ ላይ ጠብ የሚለው ነገር ሶላቴን እያስጠረጠረኝ ከጀመዓ ለይቶኛል።

በዚያው ወር የተሠራልኝ፣ ፒኤስኤ የተባለው የፕሮስቴት የደም ምርመራ 4.2 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ነበር፤ በዓመቱ 5.1 ሆነ። ሐኪሜ ታምሱሎሲን የተባለውን መድኃኒት ማታ ማታ እንድወስድ አዘዘልኝና ሽንቴ ተሻለኝ። ባለፈው ኅዳር መጨረሻ ግን ለለቅሶ ሐረጎን አልፌ ወደ ደሴ ወጣሁ። ብርዱ መታኝ፤ ከመድኃኒት ቤት የጉንፋን ክኒን ገዝቼ ዋጥሁ፤ ማታም ከለቀስተኛው ጋር ጫት ያዝሁ። በዚያው ሌሊት ሽንቴ ጨርሶ ተዘጋ። ያን ሥቃይ ያየ ያውቀዋል። ሆስፒታል ወስደው ቱቦ አስገቡልኝ፤ የሽንት ምርመራው ኢንፌክሽን ስላሳየ አንቲባዮቲክ ተሰጠኝ፤ ቱቦውም በአራተኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 3 ቀን ወጣ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በአንድ የግል ክሊኒክ ፒኤስኤ ሲሠራልኝ 9.4 ሆኖ ተገኘ። ወረቀቱን የሰጠኝ ሰው «ከፍተኛ ነው፤ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ቶሎ አዲስ አበባ ይሂዱ» ከማለት በቀር አንድም ነገር አልጠየቀኝም። አልትራሳውንድ የዕጢዬን መጠን 78 ሚሊ ሊትር፣ ከሸናሁ በኋላ ፊኛዬ ውስጥ የቀረውን ሽንት ደግሞ 140 ሚሊ ሊትር ብሎታል። በጣት የሚደረገውን ምርመራ፣ እውነቱን ልናገርና፣ አፍሬ እንቢ ብያለሁ።

ወረቀቱን ባለቤቴ እንዳታየው መጽሐፍ ውስጥ ደብቄዋለሁ። እንቅልፍ አጥቻለሁ። በዚህ ያለፈ ወይም የሚያውቅ ሰው ቢኖር፣ ቁጥሩ እንዲህ መዝለሉ ምን ማለት እንደ ሆነ ቢያስረዳኝ ውለታው ትልቅ ነው።

የላቦራቶሪ ባለሙያ (ደሴ)፣ ጥር 9

መምህር፣ አብሽሩ። እኔ ሐኪም ስላልሆንሁ ካንሰር ነው ወይም አይደለም አልልዎትም፤ ስለ ቁጥሩ ግን የምናገረው አለኝ።

ፒኤስኤ የካንሰር ንጥረ ነገር አይደለም። ጤነኛው ፕሮስቴት ራሱ የሚያመነጨው ፕሮቲን ነው፤ ሥራውም የዘር ፈሳሽን ማቅጠን ነው። ከዕጢው ወደ ደም የሚያልፈው ጥቂቱ ብቻ ሲሆን እኛ የምንለካው ያንን ነው። ዕጢው ሲያድግ የሚያመነጨውም ይበዛል፤ ሲቆጣ፣ ሲመረዝ ወይም ቱቦ ሲያልፍበት ደግሞ ወደ ደም የሚያመልጠው ከወትሮው እጅግ ይጨምራል። ለዚህ ነው ከሽንት መዘጋት፣ ከቱቦና ከኢንፌክሽን በኋላ በሁለት ሳምንት የተወሰደ ደም የዕጢውን የዘወትር ሁኔታ የማያሳየው። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት መጠበቅ የተለመደ ነው። እርስዎ የተለኩት ቁስሉ ሳይሽር ነው።

ሁለተኛው ነገር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምርመራዎች በአንድ ቦታ፣ ሦስተኛው በሌላ መሠራቱ ነው። የተለያዩ መሣሪያዎች ለአንድ ደም የሚሰጡት ቁጥር እስከ አንድ አምስተኛ ድረስ ሊለያይ ይችላል፤ በአንድ መሣሪያ እንኳ የአንድ ሰው ቁጥር ያለ ምንም ሕመም ከቀን ወደ ቀን ከፍና ዝቅ ይላል። አንዳንድ ትንንሽ ክሊኒኮች ደግሞ እንደ እርግዝና መመርመሪያ መስመር በሚያወጣ ካሴት ይሠሩና «ፖዘቲቭ» ብለው ይጽፋሉ፤ እርሱ ቁጥሩ እንደ ወሰን ከሚያዘው ከ4 በላይ መሆኑን ከመጠቆም ያለፈ ነገር አይናገርም፤ ለክትትልም አይሆንም። የእርስዎ በቁጥር የተጻፈ ስለሆነ ደኅና ነው።

ስለዚህ ከየካቲት አጋማሽ በኋላ፣ ወደ መጀመሪያው ላቦራቶሪ ተመልሰው ያሠሩ። ከዚያ በፊት ኢንፌክሽኑ መጥፋቱ በሽንት ምርመራ ይረጋገጥ። ደም ከመስጠትዎ በፊት ለሁለት ቀን ከግንኙነትና ብስክሌት ከመንዳት ይቆጠቡ።

ሰኞ ገበያ፣ ጥር 10

ጋሼ፣ አላህ ያሽርዎት። እኔ የምመክርዎት የዱባ ፍሬ ቆልተው በየቀኑ እንዲበሉ ነው፤ አጎቴ በእርሱ ተሽሎታል። ከአሜሪካ ዘመድ ካለዎትም ሳው ፓልሜቶ የሚባለውን እንክብል ያስልኩ። ከዕጢው በመርፌ ናሙና እንውሰድ ካሉዎት ግን እሺ አይበሉ። ካንሰር በመርፌና በቢላ ሲነካ ይበተናል፤ ሰው ሁሉ የሚሞተው ከተነካ በኋላ ነው።

የሸዋ በሩ ሽማግሌ (ደሴ)፣ ጥር 10

መምህር፣ እኔ 71 ዓመቴ ነው፤ ናሙናውን ሰጥቼ ይኸው እጽፋለሁ። ሰኞ ገበያ በሚል ስም የጻፍኸው ልጄ፣ የተናገርኸው ሰው ሁሉ የሚለው ነው፤ እኔም እንደ አንተ ብዬ አንድ ዓመት ሙሉ ፈርቼ ተቀምጫለሁ። ካንሰሩ የሚበተነው በመርፌው ቢሆን ኖሮ ሐኪሞች በዚህ መንገድ በዓለም ሁሉ አይሠሩም ነበር። ሰዎቹ ከተነኩ በኋላ የሞቱ የሚመስለን እስኪጠናባቸው ድረስ ቆይተው ስለሚሄዱ ነው።

የእኔ ቁጥር 7.7 ነበር፤ የዕጢው መጠን ግን 45 ብቻ ነው። ሐኪሙ ቁጥሩን ለመጠኑ አካፍሎ 0.17 ሲያገኝ «ለዚህ ዕጢ ይህ ቁጥር በዛ» ብሎ ወደ አዲስ አበባ ላከኝ። አስቀድመው አንቲባዮቲክ ሰጡኝ፣ አደንዝዘው በመርፌ 12 ቦታ ወሰዱ። መርፌው በተተኮሰ ቁጥር ጠቅ የሚል ድምፅ አለው፤ ከሕመሙ ይልቅ የሚያስደነግጠው ድምፁ ነው። ሽንቴ ሁለት ቀን ደም ቀላቀለ፣ የዘር ፈሳሽ ደግሞ ለሳምንታት ቀላ፤ ይህን አስቀድመው ስለ ነገሩኝ አልተሸበርሁም። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ግን ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል እንድሄድ በጥብቅ አሳስበውኛል፤ ከናሙና በኋላ የሚፈራው ደም ሳይሆን እርሱ ነውና። ውጤቱ የቆየ ቁጣ እንጂ ካንሰር አልሆነም።

የጣቱን ምርመራ እንቢ ማለትዎን ሳነብ አዘንሁ፤ እኔም እንዲሁ ነበርሁ። ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ባለሙያ ፊት ኀፍረት የለም፤ ሐኪሙ በዚያች ግማሽ ደቂቃ የሚያውቀውን ደም አይነግረውም።

የአባቷ ልጅ (ደሴ)፣ ጥር 12

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይማርዎ። እኔ የምጽፈው ሌላ ሰው በአባቴ ላይ የደረሰው እንዳይደርስበት ነው።

የአባቴ ፒኤስኤ 6.4 በነበረበት ጊዜ ዕጢው ስላደገ ፊናስተራይድ ታዘዘለት። በዓመቱ ቁጥሩ 3.6 ሆነና ወረቀቱ ላይ ከ4 በታች ስለሆነ «ኖርማል» ተብሎ ተጻፈ፤ ቤተሰቡም ደስ ብሎን ተመለስን። በተከታዩ ዓመት 5.2 ሆነ። ያየው ባለሙያ «ትንሽ ነው ከፍ ያለው፣ ለዕድሜያቸው ደኅና ነው» አለን። ፊናስተራይድ የፒኤስኤን ቁጥር ከስድስት ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ ወደ ግማሽ የሚያወርድ መድኃኒት እንደ ሆነ፣ የሚወስደው ሰው ቁጥር በሁለት ተባዝቶ መነበብ እንዳለበት ማንም አልነገረንም። 3.6 በእውነቱ 7.2 ነበረ፤ 5.2 ደግሞ ከ10 በላይ ነበረ። ከሁሉ በላይ፣ መድኃኒቱን በሥርዓት እየወሰደ ቁጥሩ ከዝቅተኛው ተነሥቶ ወደ ላይ መሄዱ ራሱ የማስጠንቀቂያ ደወል ነበር። ናሙና ሲወሰድ ግሊሰን በተባለው የካንሰር ክፋት መለኪያ 4 ሲደመር 3፣ ድምሩ 7 የሆነ ካንሰር ተገኘ። አሁን አዲስ አበባ ሕክምናውን እየተከታተለ ነው፤ ሐኪሞቹም ተስፋ አላቸው። ያ የጠፋው ዓመት ግን አሁንም ያንገበግበኛል።

ጋሼ፣ እርስዎ የጠቀሱት ታምሱሎሲን ብቻ ነው። ሌላ የሚወስዱት ካለ እባክዎን ለሐኪሙ ይንገሩ።

ጠቅላላ ሐኪም (ደቡብ ወሎ)፣ ጥር 14

ውይይቱን ከመጀመሪያው አንብቤዋለሁ። የላቦራቶሪ ባለሙያውና የአባቷ ልጅ የጻፉት ትክክል ነው፤ ታምሱሎሲን ቁጥሩን አይለውጥም፣ ፊናስተራይድና ዱታስተራይድ ግን በግማሽ ይቀንሱታል። በምሠራበት ቦታ በየሳምንቱ የማየውን ፍርሃት ስለማውቀው ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

ከቃሉ እጀምራለሁ። በእኛ ቋንቋ ዕጢ ስንል አንዱ በተፈጥሮ ያለ፣ ፈሳሽ የሚያመነጭ አካል ነው፤ ሌላው በሽታ ሆኖ የበቀለ እብጠት ነው። «ፕሮስቴት ያዘው» የሚለው አነጋገርም ወንድ ሁሉ ሲወለድ ይዞት የሚመጣውን አካል የበሽታ ስም አድርጎታል። ስለዚህ አንድ ታካሚ «ዕጢዎ አድጓል» ሲባል ቤቱ የሚደርሰው ካንሰር ሰምቶ ነው። ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ የሚመጣው ማደግ ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ማደጉ የሚጀምረው በሽንት ቧንቧው ዙሪያ ባለው በውስጠኛው ክፍል ነው፤ ለዚህም ነው ሽንት የሚያስቸግረው። ካንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በውጪኛው ክፍል፣ ወደ ፊንጢጣ በሚያዋስነው በኩል ሲሆን መጀመሪያ ላይ ሽንትን ላይነካ ይችላል፤ በጣት የሚዳሰሰውም ይኸው ክፍል ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ በአንድ ዕጢ ውስጥ ጎን ለጎን ሊኖሩ ይችላሉና «የእኔ ማደግ ብቻ ነው» ብሎ ክትትልን መተው ልክ አይደለም።

መምህር፣ የሸዋ በሩ አባታችን ያነሡትን ስሌት በእርስዎ ላይ ብንሠራው፣ 9.4 ለ78 ሲካፈል 0.12 ይሆናል፤ የቀድሞው 5.1 ደግሞ 0.07 ገደማ ነው። ብዙ ጊዜ ይበልጥ የምንጠራጠረው ከ0.15 ሲያልፍ ነው። የተለመደው የጎልማሳ ዕጢ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሊትር ስለሆነ የእርስዎ ሦስት እጥፍ ሆኗል፤ ከእንዲህ ያለ ዕጢ 5 መውጣቱ አያስደንቅም። ፒኤስኤያቸው ከ4 እስከ 10 ከሆነ ወንዶች መካከል ናሙና ሲወሰድ ካንሰር የሚገኘው ከአራቱ በአንዱ ገደማ ነው። በአንጻሩ ከ4 በታች መሆንም ዋስትና አይደለም፤ ፒኤስኤያቸው ከ4 ያልበለጠ ወንዶች በብዛት ናሙና በተወሰደላቸው አንድ ትልቅ ጥናት ከመቶው በ15 ገደማ ካንሰር ተገኝቷል። ቁጥር 4 ላይ የተተከለ አጥር የለም።

ስምንት ሳምንት መጠበቅ አደጋ ይሆን ብለው እንዳይሰጉ አንድ ነገር ልጨምር። በእንግሊዝ አገር ፕሮቴክት በተባለው ጥናት ካንሰሩ ከዕጢው ሳይወጣ የተገኘባቸው 1,643 ወንዶች በቀዶ ሕክምና፣ በጨረር ወይም በክትትል ብቻ ተመድበው ለ15 ዓመት ታይተዋል፤ በ2023 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በወጣው ውጤት በዚያው ካንሰር የሞቱት በሦስቱም ወገን ከመቶ ሦስት ገደማ ነበሩ። ዝግ ብሎ የሚሄድ በሽታ ነው። ይህ ግን ለሁሉም አይደለም፤ የማይለቅ የወገብ ወይም የአጥንት ሕመም፣ ክብደት መቀነስ፣ የእግር መዛል ወይም ደም የቀላቀለ ሽንት ያለው ሰው ወይም ዕጢው ሲዳሰስ ድንጋይ የሆነበት ሰው አንድ ሳምንትም አይጠብቅ። አባቱ ወይም ወንድሙ በዚህ ካንሰር የታመመ ሰውም ዕድሉ እጥፍ ያህል ስለሚሆን ይህንን ለሐኪሙ ያስታውቅ።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ 140ው ነው። ፊኛ ሳይጨርስ ሲቀር ኢንፌክሽን ይደጋገማል፣ እየባሰ ሲሄድም ኩላሊት ይጎዳል። ክሬቲኒን የተባለው የኩላሊት ምርመራ ተሠርቶልዎታል? ሰው ሁሉ ፒኤስኤን ሲያሳድድ ኩላሊቱ ይረሳል። ያን ሌሊት የተዘጋውም በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ አፍንጫ የሚከፍቱ የጉንፋን ክኒኖች የፊኛን አንገት ያጠብባሉ፣ ጫትም እንዲሁ ያደርጋል። ታምሱሎሲን የሚያላላውን ጡንቻ ሁለቱ መልሰው ያስሩታል። በአገራችን ለቅሶና ዱዓ ላይ ጫት መያዝ የተለመደ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከእንግዲህ ግን ለእርስዎ አይሆንም።

የዱባ ፍሬ ምግብ ነው፣ ይብሉት፤ ዕጢውን ያሳንሳል ብሎ ክኒን ማቆም ግን ጉዳት ነው። ሳው ፓልሜቶ ደግሞ በትላልቅ ጥናቶች መድኃኒት ከሌለው እንክብል ጋር ተወዳድሮ አልበለጠም፤ ከውጭ ለማስላክ የሚወጣው ገንዘብ ያሳዝነኛል።

ጡረተኛው መምህር፣ የካቲት 27

አልሐምዱሊላህ፤ ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ።

ቱቦው ከወጣ ከ11 ሳምንት በኋላ፣ የካቲት 20 ቀን፣ በመጀመሪያው ላቦራቶሪ አሠራሁ። 5.9 ሆነ። ሐኪሙ ፍሪ ፒኤስኤ የተባለውንም (በደም ውስጥ ከሌላ ፕሮቲን ጋር ሳይጣበቅ ነጻ ሆኖ የሚገኘውን) አዝዞልኝ ነበርና ደሙ አዲስ አበባ ተልኮ 1.4 ሆኖ መጣ፤ ከጠቅላላው 24 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ይህ ድርሻ ከ25 በላይ ሲሆን ካንሰር የመሆን ዕድሉ እንደሚያንስ፣ ከ10 ሲወርድ እንደሚያሳስብ አስረድቶኛል። ክሬቲኒኔ ደኅና ነው። የጣቱን ምርመራ ተደርጌያለሁ፤ ዕጢው ትልቅ፣ ለስላሳና በሁለቱም በኩል እኩል ነው ብሎኛል። የሸዋ በሩ ወንድሜ፣ ልክ ነበሩ፤ ሰላምታ ያህል ጊዜ አልወሰደም።

ለባለቤቴም ነገርኋት። ወረቀቱን ካየችው ወር አልፏት ኖሯል፤ እኔ እስክነግራት ትጠብቅ ነበር።

ሐኪሙ ለጊዜው ናሙና አያስፈልግም፣ በስድስት ወር እንደግመዋለን፣ ከፍ ካለ ኤምአርአይ ተነሥተው ወደ ውሳኔ እንሄዳለን ብሏል። ዕጢው ትልቅ ስለሆነና አንድ ጊዜ ስለተዘጋሁም ፊናስተራይድ እንድጀምር መክሮኛል። የአባቷ ልጅ የጻፈችውን ካነበብሁ በኋላ ግን መድኃኒቱን ፈራሁት።

ጠቅላላ ሐኪም፣ የካቲት 28

መምህር፣ የሚፈራው መድኃኒቱ ሳይሆን አነባበቡ ነው። እንደ እርስዎ ላለ ትልቅ ዕጢ ፊናስተራይድ ዕጢውን በአምስተኛ ወይም በአራተኛ ያህል ያሳንሳል፤ ዳግመኛ የመዘጋትንና ቀዶ ሕክምና የማስፈለግን ዕድል በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ነገር ግን ለመሥራት ስድስት ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ በሳምንቱ ለውጥ አላየሁም ብለው እንዳይተዉት። አንዳንድ ወንዶች ላይ ፍላጎትንና ብርታትን ይቀንሳል፤ ይህንንም ከባለቤትዎ ጋር ተነጋግረው ይወስኑ። በቤት ነፍሰ ጡር ካለች የተሰበረ ክኒን በእጇ እንዳትነካ።

የአባቷ ልጅ፣ የካቲት 28

ጋሼ፣ ይውሰዱት፤ አባቴን የጎዳው ክኒኑ አይደለም። ሳይጀምሩ የነበረውን 5.9 በደብተር ይጻፉት። ከዚያ በኋላ የሚደርሱበትን ዝቅተኛ ቁጥር ከነቀኑ ይጻፉ፤ ሐኪም በተለወጠ ቁጥርም ደብተሩን ይዘው ይግቡና «ፊናስተራይድ እወስዳለሁ» ብለው ከሁሉ አስቀድመው ይናገሩ። እኛ ደብተር አልነበረንም።

ጡረተኛው መምህር፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ምራቴ ነፍሰ ጡር ስለ ነበረች ክኒኑን ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ መጋቢት 3 ቀን ጀመርሁት። ሌሊት የምነሣው አሁን አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ነው። ጫቱን ትቼዋለሁ። ለሱብሒ ከጀመዓው ጋር መሰለፍ ከጀመርሁ ሁለት ወር ሆነኝ።

ዛሬ ውጤቱ 3.1 ሆኖ ወጣ። ወረቀቱ ላይ «ኖርማል» ተብሎ ተጽፏል። እኔ በደብተሬ ላይ 3.1 ብዬ ጽፌ፣ አጠገቡ 6.2 ብዬ ጨመርሁበት፤ ሐኪሙም ደብተሩን ተመልክቶ ከስር ፈረመበትና ለሚያዝያ ቀጠሮ ሰጠኝ።